«ሽንት ብቻ እኮ ነው የሚያሸናው»

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ የእህቷ ሚዜ ነበረች። ቀሚሱ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ተለክቶ ተሰፍቷል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ነበር፣ ጥሎሽ ነበር፣ «እስቲ ይቺን ብቻ ቅመሱ» ነበር። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ አልሄድም አለ። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ የልብ ታማሚ ናት፤ ሐኪም ያዘዘላትን ላሲክስ ከመኝታዋ አጠገብ ካለችው መሳቢያ አታጠፋም። ልጅቱን ጂም የምታገኛት ጓደኛዋ «ሁለት ቀን ብቻ ዋጥ ዋጥ አድርጊው፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ይወርድልሻል» ብላ መክራታለች። ዋጥ ዋጥ አደረገች። ወረደላት። ዚፑም ተዘጋ።

ከዚያ በሠርጉ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፓርክ ውስጥ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ፎቶ አንሺው ለሃያኛ ጊዜ «የመጨረሻ ናት፣ ወደዚህ እዩ» ሲል ልጅቱ እንደ ተቆረጠ ሸንኮራ ተዘረረች።

የቤተሰባችን ምርመራ ወዲያው ተሰጠ፦ ዓይን ነው። «አሳምረው አወጧት፣ በሏት» ተባለ። አንድ ጎበዝ መኪና አስነስቶ በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ አጋደሟት፣ ግፊቷን ለኩ፣ 115 በ75። «ምንም የለባትም፣ ምሳ ስላልበላች ይሆናል» ብለው ሸኟት። ቁጥሩ ሲሰማ የዓይን ወገኖች አሸነፉ፤ «አየህ፣ ሐኪም እንኳ አላገኘውም» ተባልኩ።

ስለ ኪኒኑ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከራሷ ነው። ተቆጣሁ። እሷ ግን ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰችልኝ፦ «ሽንት ብቻ እኮ ነው የሚያሸናው። ደግሞ እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም፤ ታርቀናል። የዛሬው ጠቤ ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጋር ነው። ምክንያቱም ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም። ጂም ውስጥ ሆዱ ላይ ያሉትን ስድስት ጡቦች ለፎቶ የሚያወጣውም፣ ሚዛን ላይ ቆማ የምታለቅሰውም፣ «ፊቴ ጠዋት ያብጣል» የምትለውም ይቺኑ ይላሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ናቸው፣ እንዳንጣላ።)

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልጀምር። ላሲክስ የንግድ ስም ነው፤ መድኃኒቱ ፉሮሴማይድ ይባላል። የጀርመኑ ሆክስት ኩባንያ የሠራው ሲሆን በ1960ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ ዋለ። «ላሲክስ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ «ስድስት ይቆያል» ከሚለው ሐረግ የተቀነጨበ ነው ይባላል፤ ስድስቱ ሰዓት ነው። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምርና እስከ ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ያሯሩጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራል። 180 ሊትር አንሸናም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ይህን የሚያደርገው በዋነኛነት ጨውን በመመለስ ነው፤ ጨው ሲመለስ ውሃ ተከትሎት ይመለሳል። ፉሮሴማይድ ከተጣራው ጨው ሩቡን ያህል የሚመልሰውን የኩላሊት ክፍል በሩን ይዘጋበታል። ጨዉ ወጣ፣ ውሃው ተከተለ፣ ፖታሲየም ደግሞ «እኔስ ለምን እቀራለሁ» ብሎ አብሯቸው ሄደ።

ስለዚህ «ሽንት ብቻ» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ሽንት ከሰማይ አይወርድም። ከደም ነው የሚጣራው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ሽንት ተጨማሪ ሲወጣ የሚጎድለው ደምና በሥጋችን መካከል ያለው ፈሳሽ ነው። የአንድ ጎልማሳ ደም በጠቅላላ አምስት ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ፈሳሹ ክፍል ሦስት ሊትር ያህል። እርግጥ ነው፣ የወጣው ሁሉ ከዚያ ከሦስቱ ሊትር አይቀነስም፤ በሴሎች መካከል ያለው ፈሳሽ እየገባ ይተካካል። ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ስቡ ደግሞ፣ ይቺን አስምሩባት፣ አንድ ግራም አልተነካም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሚዛኑ «ወረድሽ» ያላት ለዚህ ነው። ጆግ ሙሉ ውሃ አቅፎ ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ጆጉን አስቀምጦ ሲወጣ «ከሳሁ» የሚል ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ወደ «ጤነኛ ነኝ»። እውነተኛው ጉድ ያለው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ሮቶ ያውቃል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ፎቅ ይገፋል። አራተኛ ፎቅ ያለች እናት ቧንቧውን ከፍታ «ፏ» ሲል ሰምታ ውሃ አለ ትላለች። ሮቶው ግማሽ መድረሱን አታውቅም። የሚያውቀው ታች ያለው ዘበኛ ነው። ሮቶው በጎደለ ቁጥር ፓምፑን ጨመር፣ አንዳንዱን ቧንቧ ጠበብ እያደረገ አራተኛ ፎቅ ያለው ውሃ እንዳይቀንስ ይታገላል። እመቤቲቱ ቧንቧ ላይ የምታየው ግፊት የሮቶው ሙላት ምስክር አይደለም። የዘበኛው ትጋት ምስክር ነው።

ሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዘበኛ አለ። ሐኪሞች ባሮሪፍሌክስ ይሉታል። ዋናው ማማው አንገት ላይ ነው፤ ከመንጋጋችሁ ማዕዘን በታች ጣታችሁን ብታሳርፉ የምትመታዋ ትልቅ የደም ቧንቧ ለሁለት በምትከፈልበት ቦታ። ሁለተኛው ማማ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ቅስቱ ላይ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ሲለጠጥ እዚያ ያሉ ነርቮች ወደ አንጎል ግንድ ይጮኻሉ፤ ልጥጡ ሲቀንስ ጩኸታቸው ይቀንሳል። አንጎል ጩኸቱ ሲቀንስበት «ግፊት ወረደ» ብሎ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ቫገስ የሚባለው ነርቭ በልብ ላይ የያዘውን ፍሬን ይለቃል፤ ይሄ በአንድ ሁለት የልብ ምት ውስጥ ይፈጸማል። ሁለተኛ፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሽቦ ልብን ያጣድፋል፣ የእግርና የሆድ ቧንቧዎችን ያጠብባል፤ እሱ ጥቂት ሴኮንድ ይፈጅበታል።

ይሄ የትናንት ወሬ አይደለም። ከቅስቱ የሚነሳው ነርቭ ግፊት እንደሚያወርድ ሲዮንና ሉድቪግ የተባሉ ሰዎች በ1866 ላይፕዚግ ላይ ጥንቸል ላይ አሳይተዋል። ጀርመናዊው ሄሪንግ በ1920ዎቹ የአንገቱን ማማ አገኘ። ቤልጂየማዊው ሄይማንስ በእነዚሁ ቦታዎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በተለይ ትንፋሽን እንዴት እንደሚቆጣጠሩ በማሳየቱ፣ የ1938 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። እኛ ሀገር ግን ይህን ዘበኛ የምናውቀው ሲያንቀላፋ ብቻ ነው፤ ያኔ «ጭልም አለብኝ» እንላለን።

ዘበኛው ትልቁን ሥራ የሚሠራው ስትቆሙ ነው። ከአልጋ ስትነሱ ከግማሽ ሊትር እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ከደረት ወደ ሆድና እግር ይወርዳል። ልብ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ የሚረጨውም ይቀንሳል። ዘበኛው ባይኖር ኖሮ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ከአልጋ ሥር እንገኝ ነበር። ዝም ብሎ መቆም ሲረዝም ደግሞ የባሰ ነው፤ ከእግር ቧንቧዎች ፈሳሽ ወደ ሥጋ እየሠረገ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ የያዙ አባቶች ከእግር እግር የሚቀያይሩት ዝም ብሎ አይደለም። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ፎቶ አንሺ ፊት «እንዳትንቀሳቀሱ» የተባለች ሚዜ ግን ያቺን እንኳ ተነፍጋለች።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ሽንት የሚያሸና ኪኒን ሲውጥ የሚሆነውን አስቡት። ሮቶው ጎደለ። ዘበኛው ግን ጤነኛ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ወጣት ነው። ፍሬኑን ለቀቀ፣ ልብን አጣደፈ፣ ቧንቧ አጠበበ። ውጤቱ? ተቀምጠው ሲለኩት ግፊቱ ያው ነው፣ ወይም ከያው ብዙም አይርቅም። 115 በ75! «አየህ፣ ምንም አላደረገኝም!» እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጤነኛነትህ ጉዳቱን አላስቀረልህም። የደበቀው ራሱ ጤነኛነትህ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች ኋላ ዘበኛው በሙሉ ጉልበቱ እየሮጠ ነው፤ የቀረው ትርፍ ጉልበት ትንሽ ነው። አሁን በዚያ ላይ ፀሐይ ጨምሩበት፤ ሙቀት የቆዳ ቧንቧዎችን ያሰፋል። አንድ ብርጭቆ ሻምፓኝ ጨምሩበት፤ አልኮልም እንዲሁ ያሰፋል። ከቁርስ እስከ አሥር ሰዓት ያልተበላ ሆድ ጨምሩበት። አርባ ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ጨምሩበት። ዘበኛው ከዚህ በላይ የሚያጠበው ቧንቧ፣ የሚለቀው ፍሬን አጣ።

ይህን የምለው ከኪሴ አይደለም። በ2000 ዳላስ፣ ቴክሳስ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ንጽጽር አሳተሙ። ጥያቄያቸው የጠፈር ተጓዦች ጥያቄ ነበር፤ ከጠፈር የተመለሰ ሰው ለምን ቆሞ መሄድ ያቅተዋል የሚል። ጤነኛ ሰዎችን ጭንቅላታቸው ወደ ታች ዘንበል ብሎ ለሁለት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ፉሮሴማይድ ሰጥተው የደም ፈሳሽን በተመሳሳይ መጠን አጎደሉ። በሁለቱም መንገድ የልብ ምትን ከደም ግፊት ጋር የሚያናብበው ምላሽ ደከመ፤ ድካሙም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ገባችሁ? የሁለት ሳምንት አልጋ ቁራኛ መሆን በዚያ ምላሽ ላይ የሚያደርሰውን ድካም ኪኒን በሰዓታት ውስጥ ያደርሰዋል። የፍሬኑ ነገር ነው፤ ቀድሞ የተለቀቀ ፍሬን ሁለተኛ አይለቀቅም።

በነገራችን ላይ፣ የመንኮራኩሮቹ ዘመን የአሜሪካ ጠፈርተኞች ወደ ምድር ከመመለሳቸው በፊት የጨው ኪኒን በብዙ ውሃ ይወስዱ ነበር። ሮቷቸውን ሞልተው ለመቆም። የእኛዎቹ ደግሞ ለመቆም ሲዘጋጁ ሮቷቸውን ይደፋሉ።

«እሺ፣ አንድ ቀን ወድቃ ተነሳች፣ ይሄን ያህል ምን ያንጫጫል?» የሚል አለ። ይሁን፣ እንቀጥል።

ኩላሊት ሞኝ አይደለም። ጨው ሲዘረፍበት ሬኒን የሚባል ነገር ይለቃል፤ ሬኒን ሌላውን፣ ሌላው ሌላውን እየቀሰቀሰ በመጨረሻ አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን ከፍ ይላል። የአልዶስቴሮን ሥራ ጨውና ውሃ አጥብቆ መያዝ፣ ፖታሲየምን ማስወጣት ነው። ኪኒኑ ሲያልቅ ሆርሞኑ ወዲያው አያልቅም። ስለዚህ ኪኒኑን ባቆምሽ ማግስት ሰውነትሽ ያገኘውን ጠብታ ሁሉ ይሰበስባል። ኪሎው ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከነወለዱ። ፊት ያብጣል፣ ቀለበት አልወልቅ ይላል። «አየሽ፣ ሰውነቴ ውሃ የሚይዝ ዓይነት ነው» ይባልና ሌላ ኪኒን ይዋጣል። በ1979 ማክግሪገርና ደ ዋርደነር የተባሉ የለንደን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጻፉ። «ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት» አለባቸው ተብለው ለረጅም ጊዜ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ነበሩ። የሐኪሞቹ ክርክር አጭር ነው፦ ምክንያቱ እኮ ታውቋል፣ ራሱ መድኃኒቱ ነው። ሲያቆሙት ለጊዜው ያብጣሉ፤ ያንን እብጠት ፈርተው ይመለሱበታል። ሱስ ያልተባለ ሱስ በሉት።

የአልዶስቴሮን ነገር ሌላም ጣጣ አለው። በ1998 ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ውስጥ፣ በ2007 ደግሞ ፔንስልቬንያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች በደም ሥራቸው አልዶስቴሮን ተሰጥቷቸው ሲፈተኑ፣ ያ የአንገት ዘበኛችን ደነዘዘ። ግፊት ሲለዋወጥ ልብ የምትሰጠው ምላሽ ቀነሰ። እነሱ የፈተኑት ሆርሞኑን እንጂ ላሲክስን አይደለም፤ ቀጥሎ የምለው የእኔ ድምዳሜ ነው። ኪኒኑ በአንድ እጁ የዘበኛውን ሥራ ያበዛል፣ በሌላ እጁ ዘበኛውን የሚያደነዝዝ ሆርሞን ይጠራል። ይህን ለጤነኛ ሰው «ምንም አያደርግም» ማለት እንዴት ይቻላል?

(አንዷ አንባቢ «እኔስ ለብጉሬ ስፓይሮኖላክቶን ነው የምወስደው፣ እሱም የሚያሸና ነው» ልትል ትችላለች። እሱ ሌላ ቤተሰብ ነው። አልዶስቴሮንን ራሱን የሚያግድ፣ ፖታሲየምን የሚያስቀር ነው፤ ስለዚህ አደጋው ወደዚያኛው ወገን፣ ወደ ፖታሲየም መብዛት ያዘነብላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ቆዳ ሐኪም አዝዞልሽ ከሆነ ከእሱ ጋር ተነጋገሪ፤ ከጓደኛሽ ተቀብለሽ ከሆነ ግን ይሄ ጽሑፍ ላንቺም ነው።)

ጂም ወዳሉት ወንድሞቼ ልዙር። ከመድረክ በፊት «መድረቅ» የምትሉት ነገር አለ፤ ቆዳ ከጡንቻ ላይ እንደ ወረቀት እንዲጣበቅ። ፈረንሳዊው ሞሐመድ ቤናዚዛ በ1992 ኔዘርላንድስ ውስጥ ውድድር አሸንፎ በዚያው ምሽት ሞተ። ለሞቱ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ምክንያት በሚያሸና መድኃኒት ሰውነቱን ማድረቁና ልቡ መቆሙ ነው። ልብ እንድትመታ ፖታሲየም በጠባብ ወሰን ውስጥ መቆየት አለበት፤ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከ3.5 እስከ 5 የሚጻፈው ቁጥር ነው። ከዚያ በጣም ሲወርድ መጀመሪያ ባት ይኮማተራል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያ የልብ ምት ይዛባል። ባት ሲኮማተር «ጥሩ ሠርቻለሁ» የሚል ጎረምሳ አውቃለሁ።

ስፖርቱ ዓለም ደግሞ ይህን ኪኒን በክብደት ማጭበርበሪያነቱና ሌላ መድኃኒት ከሽንት ውስጥ በመደበቂያነቱ ከከለከለው ቆይቷል። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ሁለት ቡልጋሪያውያን ክብደት አንሺዎች፣ ግራብሌቭና ጌንቼቭ፣ ፉሮሴማይድ ተገኝቶባቸው ወርቃቸውን ተቀሙ፤ የቀረው ቡድን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። በ2003 ደግሞ አውስትራሊያዊው የክሪኬት ኮከብ ሼን ዋርን ከዓለም ዋንጫው ዋዜማ ላይ ተመልሶ ወደ ሀገሩ ተላከ፤ አንድ ዓመት ታገደ። የሰጠው ምክንያት? ቀጠን ብሎ እንዲታይ እናቱ የሰጠችው የሚያሸና ኪኒን ነው። የአክስቴ ልጅ ብቻዋን አይደለችም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የእሷ እናት ግን አልሰጠቻትም፤ ራሷ ነች የወሰደችው።

አሁን አንድ ሰው «ታዲያ ይሄን መርዝ ለምን ያዝዙታል?» ብሎ ለእናቱ ደውሎ መድኃኒቷን እንዳያስጥላት እፈራለሁ። መርዝ አላልኩም! እንደ እሱ ያለ ውለታ የዋለ መድኃኒት ጥቂት ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሮቶው ሞልቶ ፈስሷል፤ ውሃው ሳንባው ውስጥ ገብቷል፤ ለእሱ ፉሮሴማይድ ትንፋሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በርን የሚያበላሸው ሕመም በሀገራችን ስንቱን ወጣት እንደያዘ የልብ ክፍል ደጃፍ የቆመ ያውቃል፤ እነሱም ይቺኑ ኪኒን ይዘው ነው የሚኖሩት። ለደም ግፊትም ቢሆን፣ የዚህ ቤተሰብ ዘመድ የሆነው ክሎርታሊዶን በ2002 በታተመውና 33,357 ታካሚዎችን ባነጻጸረው የአሜሪካ ጥናት ከውድ ውድ አዳዲስ መድኃኒቶች ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ያለበት ሰው ዘበኛው ራሱ ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶ «ልኩ ይሄ ነው» ብሎ ተቀምጧል፤ ለእሱ መድኃኒቱ የሚያስተካክለው ነገር አለ። ለአንቺ የሚያስተካክለው ምን አለ? ዚፕ?

ደግሞ ለታማሚው ሐኪሙ መጠን ይመጥናል፣ ፖታሲየም ያስለካል፣ ኩላሊት ያያል፣ «ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ይበሉ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» ይላል። ጾም ሲገባ፣ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ይቀያይራል። የጂም ጓደኛሽ ከእነዚህ የትኛውን አደረገችልሽ?

ለፋርማሲዎችም አንድ ነገር አለኝ፤ ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥን መድኃኒት ለሃያ ሁለት ዓመት ጤነኛ ልጅ «ስንት ፍሬ ልስጥሽ?» ብሎ መጠየቅ ንግድ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፦ «ለማን ነው?»

ዋጥኩ፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ አሁንም የሚከራከረኝ ካለ፣ ክርክሩን በመለኪያ እንፍታው። እቤት ግፊት መለኪያ ያለው ብዙ ነው። አምስት ደቂቃ ተጋደም፣ ግፊትህንና የልብ ምትህን ለካ። ተነሥተህ ቁም። ሰው አጠገብህ ይኑር። አንድ ደቂቃ ላይ ለካ፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ለካ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሐኪሞች «ሲቆሙ የሚወርድ ግፊት» የሚሉት እሱ ነው። ቁጥሩ ሳይወርድም የልብ ምት ከተጋደምክበት በ30ና ከዚያ በላይ ዘሎ እዚያው ከቀረ፣ ዘበኛው እየሮጠ ነው ማለት ነው። ያቺ ክሊኒክ ልጅቱን አጋድማ፣ እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ ለካቻት። እግር ከፍ ሲል ያ ወደ ታች የወረደው ደም ወደ ልብ ይመለሳል። 115 በ75 ባያገኙ ነበር የሚገርመው። አስነስቶ የለካት የለም፤ «ምን ወስደሻል?» ያላትም የለም።

ዓይን ነው ያሉት ዘመዶቼ እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ ልጅቱ አንገት ላይ ክታብ ቢጤ ታስሯል። እኔም ትቻቸው ነበር፣ አክስቴን እስክጠይቃት ድረስ። መድኃኒቷን በወር ነው የምታወጣው፣ ተቆጥሮ። የጥር ወር ላይ አራት ፍሬ ጎደለባት። ተሳስቼ ሁለት ሁለት ውጬ ይሆናል ብላ ለማንም አልተናገረችም። የሠርጉ ግርግር ስለነበር ፋርማሲ የሚላክ ሰውም አላገኘች። መልሱ ተጠርቶ ቤቱ በእንግዳና በዘፈን ሲናወጥ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ ተጋድማ መተንፈስ ስላቃታት ሁለት ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ አደረች።